ለ12 ቀን የጀርመን ጉዞ 7 ኪሎ የእጅ ቦርሳ ይበቃል?

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)

ጤና ይስጥልኝ። በአንድ ጤና ጣቢያ የምሠራ አዋላጅ ነርስ ነኝ፤ በመጪው ኅዳር ለሙያ ሥልጠና ለ12 ቀናት ወደ ጀርመን እሄዳለሁ። በቀጥታ በረራ ፍራንክፈርት ከወረድኩ በኋላ በባቡር ወደ ላይፕዚግ፣ ከዚያም ወደ በርሊን እጓዛለሁ፤ የምመለሰውም በፍራንክፈርት በኩል ነው። ትኬቴ ሁለት ባለ 23 ኪሎ ሻንጣ ያስጭነኛል፤ በእጄ ይዤ የምገባው ግን ከ7 ኪሎ መብለጥ የለበትም።

ከ3 ዓመት በፊት ወደ ውጭ ስወጣ ሁለቱንም ሻንጣዎች ዚፓቸው እስኪጨነቅ ሞልቼ ነበር፤ ከያዝኩት ውስጥ ግማሽ የሚሆነው የዘመድና የጎረቤት አደራ ነበር። በአንድ ባቡር ጣቢያ ደረጃ ላይ አንዱን ሻንጣ ታች ትቼ ሌላውን እየጎተትኩ፣ የቀረውን ሰው እንዳይወስድብኝ በየእርምጃው ዞር እያልኩ ስወጣ ባቡሩ ጥሎኝ ሄደ። ከወሰድኩት ልብስም ብዙውን አንድ ቀን እንኳ ሳልለብሰው ይዤው ተመለስኩ። ስለዚህ አሁን አንድ የእጅ ቦርሳ ብቻ ይዤ ለመሄድ ወስኛለሁ።

ይሁን እንጂ የሚያሳስቡኝ ነገሮች አሉ። የብርድ ልብስ ቦታ ይይዛል፤ በሥልጠናው መዝጊያ ምሽት ደግሞ የሀገር ልብስ እንድንለብስ ተጠይቀናል። ከሁሉም በላይ በርሊን የምትኖር አክስት አለችኝ፤ ባዶ እጄን ልሄድባት አልፈልግም፤ እናቴም ከወዲሁ በርበሬ እያስፈጨች፣ ቅቤ እያነጠረች ነው። ይህ ሁሉ በ7 ኪሎ ይሆናል? ልምዱ ያላችሁ ብትመክሩኝ ትልቅ ውለታ ነው።

መልስ (ለሥራ ወደ አውሮፓ የሚመላለስ)

እህታችን፣ ይሆናል፤ ነገር ግን ከልብሱ በፊት ቦርሳውን ራሱን ይመዝኑ። ብዙዎቻችን የምንገዛው ጎማ ያለው ጠንካራ ሻንጣ ምንም ሳይገባበት 3 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን፣ ከተፈቀደልዎት ክብደት ግማሽ ሊሞላ ጥቂት የቀረውን ገና ሳይጀምሩ ይወስድብዎታል። የጀርባ ቦርሳ ግን ቀለል ያለው 1 ኪሎ ቢሆን ነው፤ ባቡር ጣቢያ ደረጃ ላይም ሁለቱንም እጅዎን ነፃ ያደርግልዎታል። ቤት ውስጥ ሚዛን ከሌለ፣ መንገድ ዳር ሚዛን ይዘው ከሚቀመጡት ልጆች ዘንድ አንድ ጊዜ ቦርሳውን ተሸክመው፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ሳይሸከሙ ይመዘኑና ልዩነቱን ያስሉ። እኔ ዘወትር የማደርገው ይህንን ነው፤ አየር ማረፊያ ሰው ፊት ቦርሳ ከፍቶ ዕቃ ከመቀነስ ያድናል።

ወደ ልብሱ ስንመጣ፣ 12 ቀን መቆየት 12 ቅያሪ አይጠይቅም። ለአራት ቀን የሚሆን ልብስ ይያዙ፤ ከዚያ በኋላ የሚያስፈልገው ማጠብ ነው። እዚህ ላይ የጨርቁ ዓይነት ትልቅ ለውጥ ያመጣል፦ ጂንስና ወፍራም ጥጥ በዚያ ብርድ ቀኑን ሙሉ ተሰጥቶ እንኳ ላይደርቅ ይችላል፤ ስስ ሱፍ ወይም ፖሊስተር ግን ማታ ታጥቦ ጠዋት ይለበሳል። ልብሱን በእጅ ከጨመቁ በኋላ በደረቅ ፎጣ ጠቅልለው በደንብ ይጫኑት፤ ፎጣው የቀረውን ውኃ ይመጠዋል፤ ከዚያ ከክፍሉ ማሞቂያ ራቅ አድርገው ይስቀሉት። እኔ ብሆን አንድ የለበስኩትና አንድ ቅያሪ ሱሪ (ሁለቱም ጥቁር ወይም ጥቁር ሰማያዊ፣ ከየትኛውም ሸሚዝ ጋር እንዲሄዱ)፣ አራት ስስ ሸሚዝ፣ አንድ የሱፍ ሹራብ፣ ከሱሪ ሥር የሚለበስ ሙቅ ታይት፣ አራት አራት የውስጥ ልብስና ካልሲ እይዛለሁ። በዚያ ወቅት በበርሊን የቀኑ ሙቀት ብዙውን ጊዜ ከ10 ዲግሪ በታች ነው፤ ብርዱን የሚያሸንፈው ግን አንድ ከባድ ልብስ ሳይሆን የተደራረበ ስስ ልብስ ነው፤ ምክንያቱም በልብሶቹ መካከል የሚቀረው አየር የሰውነትን ሙቀት ይይዛል። ካፖርቱንና ውኃ የማያስገባውን ጫማ ለብሰው ይሳፈሩ፤ የለበሱትን ማንም አይመዝንብዎትም። ሁለተኛው ጫማ ቀሚሱ ሥር የሚሆን ቀላል ጠፍጣፋ ጫማ ይሁን፤ ሦስተኛ ጫማ ግን በፍጹም አይያዙ። ለክብደት እንደ ጫማ ያለ ጠላት የለም።

ስለ ሀገር ልብሱ፣ ከወፍራሙ ፈትል ይልቅ ስሱን ቀሚስ ይምረጡ፤ ጥበቡን ወደ ውስጥ አድርገው ያጥፉትና በነጠላው ይጠቅልሉት። ነጠላው በአውሮፕላን ላይ ይደረባል፤ ውጭ ደግሞ አንገት ላይ ይጠመጠማል። ጋቢውን ግን ምንም ቢወዱት ቤት ይተዉት፤ ብቻውን የቦርሳውን ሲሶ ይይዛል።

መልስ (በርሊን ነዋሪ)

ልጄ፣ እኔም እዚሁ በርሊን የእህቶቼንና የወንድሞቼን ልጆች የምቀበል አክስት ስለሆንኩ ስለ ቅቤው ልናገር። የአውሮፓ ኅብረት ከውጭ የሚመጣ መንገደኛ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ይዞ እንዳይገባ ይከለክላል፤ ይህም እንደ አፍተግር ያሉ የከብት በሽታዎች እንዳይገቡ ለመከላከል ነው። ስለዚህ ቅቤ ቢነጠርም፣ አይብም ሆነ ቋንጣ ለአንድ ሰው በጣም ጥቂት ቢሆንም አይፈቀድም፤ ከተገኘ ይወሰዳል። የእናትሽ ድካም በጉምሩክ ጠረጴዛ ላይ ሲጣል ከማየት አስቀድሞ መንገር ይሻላል። ማር ለአንድ ሰው እስከ 2 ኪሎ ይፈቀዳል፤ ነገር ግን በፍተሻ ላይ እንደ ፈሳሽ ስለሚቆጠር በእጅ ቦርሳ አይሆንልሽም።

በርበሬና ሽሮ ችግር የለባቸውም። ከእያንዳንዱ ግማሽ ግማሽ ኪሎ፣ ሁለት ጊዜ በወፍራም ፕላስቲክ አሽገሽ፣ ከነጩ ቀሚስሽ አርቀሽ አስቀምጪ፤ የበርበሬ ቀለም ነጭ ላይ ካረፈ አይለቅም። ፈታሾች ዱቄት ሲያዩ ቦርሳውን ሊያስከፍቱሽ ይችላሉና ከላይ ይሁን። (ወደ አሜሪካ የምትሄዱ ደግሞ ልብ በሉ፤ በእጅ ቦርሳ የሚያዝ ከ350 ሚሊ ሊትር በላይ የሆነ ዱቄት ለተጨማሪ ፍተሻ ይዳርጋል፤ ካላለፈም ይቀራል። በርበሬያችሁን በሚጫነው ሻንጣ አድርጉ።)

አክስትሽ ብዙ እንደማትጠብቅብሽ ላረጋግጥልሽ እወዳለሁ። እዚህ የሐበሻ ሱቅ አለ፤ እንጀራውም በርበሬውም ይገኛል። የማይገኘው የእናትሽ እጅ ያለበት ነው፤ እርሱ ደግሞ ግማሽ ኪሎም ቢሆን ያው ነው። ባለፈው ዓመት የእህቴ ልጅ ሁለት ትልልቅ ሻንጣ ጎትታ መጥታ ሁለት ቀን ሙሉ በወገብ ሕመም ተኝታብኝ ነበር፤ ያመጣችውን ሁሉ ባታመጣውና አብረን ብንጫወት እመርጥ ነበር።

የሌላ ሰው አደራ ከመጣ ግን ጠንከር በይ። በዓይንሽ ሳታዪ፣ በእጅሽ ሳታሽጊ ምንም ነገር አትቀበዪ፤ ውስጡ የተገኘ ነገር ሁሉ የሚጠየቀው ከአንቺ ነው። «የያዝኩት አንድ የእጅ ቦርሳ ብቻ ነው» ማለት እውነትም ስለሆነ ማንንም አያስቀይምም፤ ይህንንም ከመሄጃሽ ሳምንት በፊት ሳይሆን ከአሁኑ ተናገሪ።

ጠያቂዋ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ቦርሳዬን ባዶውን ስመዝነው 900 ግራም ሆነ። ለእናቴም ስለ ቅቤው ነገርኳት፤ ለጊዜው ቅር ቢላትም አክስቴን በስልክ አነጋግራት ተስማሙ። የቀረኝ ጥያቄ ስለ መድኃኒትና ስለ ስልክ ቻርጅ ነው፤ በየዕለቱ የምወስደው የደም ግፊት ክኒን አለኝ፤ ፓወር ባንክም ይዣለሁ።

መልስ (የጉዞ ወኪል ሠራተኛ የነበረ)

ክኒንዎን ከነማሸጊያውና ከሐኪም ማዘዣው ጋር ይያዙት፤ በረራ ቢዘገይ እንዳይቸገሩ የጥቂት ቀናት ትርፍ ይጨምሩበት። ፓወር ባንክ መሄድ ያለበት በእጅ ቦርሳ ብቻ ነው፤ እስከ 100 ዋት ሰዓት ያለው ያለ ልዩ ፈቃድ ያልፋል፤ 20,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት የተጻፈበት የተለመደው ዓይነት 74 ዋት ሰዓት ገደማ ስለሆነ አያሳስብም። አዳፕተር አይግዙ፤ የእኛ ባለ ሁለት ክብ እግር ሶኬት ጀርመንም ይሠራል፤ የኤሌክትሪክ ኃይሉም ተቀራራቢ ነው፤ የእኛ 220፣ የእነርሱ 230 ቮልት። ሎሽንና ሻምፖ እያንዳንዳቸው ከ100 ሚሊ ሊትር በማይበልጥ ዕቃ ሆነው፣ ሁሉም በአንድ 1 ሊትር በሚይዝ ግልጽ ፕላስቲክ ውስጥ ይግቡ።

ብዙ ሰው የማያስበው አንድ ነገር አለ። አውሮፕላኑ ሲሞላ የእጅ ቦርሳን በር ላይ ተቀብለው ከሥር የሚጭኑበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ፓስፖርት፣ የግብዣ ደብዳቤ፣ ለሸንገን ቪዛ ያስገቡት ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍነው የሕክምና ኢንሹራንስ፣ ክኒኑና ፓወር ባንኩ በአንድ ትንሽ የትከሻ ቦርሳ አንድ ላይ ይቀመጡ፤ ቦርሳውን ስጡ ቢሏችሁ ያንን ትንሹን ብቻ አስቀርቶ ትልቁን መስጠት ነው። ፍራንክፈርት የድንበር መኮንኑ ወረቀቶቹን ሊጠይቅ ስለሚችል በስልክ ላይ ብቻ ሳይሆን ታትመው ይኑሩ።

መልስ (ለሥራ ወደ አውሮፓ የሚመላለስ)

አንድ ነገር ረስቼ ነበር። ሲመለሱ ለቤተሰብ መግዛትዎ አይቀርም፤ አክስትዎም ባዶ እጅዎን አይሸኙዎትም። ተጣጥፎ መዳፍ የሚያክል ስስ የጉዞ ቦርሳ ከታች ያስቀምጡ፤ ከ200 ግራም አይበልጥም። ለመመለሻው በረራም ያው ሁለት ባለ 23 ኪሎ ስለተፈቀደልዎት፣ ልብስዎን በእርሱ አድርገው ፍራንክፈርት ላይ ያስጭኑትና የገዙትን ተሰባሪ ዕቃ በጀርባ ቦርሳዎ ይዘው ይግቡ።