አስቸኳይ፦ ዝናብ የገባበት ነጋቲቭና ፎቶ፣ ሰኞ ለላይብረሪ የሚሰጥ ነበር፣ ምን እናድርግ?

ሌንስ ዘጎንደር
ሰላም ቤተሰብ፣ የምታውቁ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ማታ በጣለው ዝናብ ጣሪያው አፍስሶ ካርቶኖቹ ርሰዋል፣ ነጋቲቩ ተጣብቋል፣ ፎቶዎቹም አንዱ ባንዱ ላይ ተለጥፈዋል፣ ላይብረሪው ደግሞ ሰኞ ነው የሚረከበን። አንዱን ላላቅቅ ስል የፎቶው ፊት ተላጦ መጣ፣ ደንግጬ ተውኩት። አሁን ፀሐይ ወጣ ብላለች፣ ላስጣው ወይስ ምን ላድርግ? ሀርድ ዲስካችንም እዛው ካርቶን ውስጥ ነበር።

ቺቺላ 07
ወንድሜ ሀርድ ዲስኩን ሩዝ ውስጥ ቅበረው። የኔ ስልክ ውሃ ገብቶበት በሩዝ ነው የዳነው።

የአዘዞ ልጅ
እናንተ ሰፈር በነሐሴ ፀሐይ አለ እንዴ? አዘዞ ላይ ፀሐይን ካየናት ቆየን ሃሃሃ። ካለችማ ቆርቆሮ ላይ ዘርጉት፣ ምን ይጠበቃል።

ጨለማ ክፍል
ፀሐይ ላይ እንዳታወጡት! ቆርቆሮም ላይ፣ ከሰል አጠገብም፣ የፀጉር ፎንም በፍጹም። ተጣብቆ ከደረቀ በኋላ ማላቀቅ ማለት ምስሉን መቅደድ ማለት ነው፣ አሁን እርጥብ መሆኑ ነው የሚያድነው። ፊልምም የስቱዲዮ ወረቀትም ላይ ምስሉን የያዘው ጀላቲን ነው፣ ከከብት ቆዳና አጥንት የሚሠራ፣ ውሃ ሲጠጣ ያብጥና ይለሰልሳል፣ ሲደርቅ ደግሞ የነካውን ሁሉ ይዞ ይደርቃል። ተላጦ መጣ ያልሽው እሱ ነው። ስለዚህ ምንም ነገር በጥፍር አታላቂ። ሳፋ ውስጥ ንጹህ ቀዝቃዛ ውሃ አድርጊና የተጣበቀውን ነጋቲቭ እንዳለ አስገቢው፣ በራሱ ጊዜ ይለቃል። ግን ዋናውን ነገር አልነገርሽንም። ከለር ነው ጥቁርና ነጭ? ከመቼ ጀምሮ ነው የራሰው? በፕሪንተር የታተመ አለበት ወይ?

የአዘዞ ልጅ
ከከብት አጥንት? ታዲያ በፍልሰታ ፎቶ መነሣት ያስገድፋላ ሃሃሃሃ

ልጅ አራዳ
እኔ የማይገባኝ ግን ይሄ ሁሉ ጣጣ ለምንድን ነው? አሁን ላይብረሪ ማን ይገባል? ቴሌግራም ቻናል ክፈቱና ልቀቁት፣ ዓለም ሁሉ ያየዋል። ላይብረሪ ቢገባ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበት መቅረቱ ነው፣ ሌላ ጣሪያ ሌላ ዝናብ።

ሌንስ ዘጎንደር
@ቺቺላ 07 እህትህ ነኝ ወንድሜ።
ጋሼ ጨለማ ክፍል እግዜር ይስጥልኝ፣ ሳፋ እያስመጣሁ ነው። አብዛኛው ጥቁርና ነጭ ነው፣ ፒያሳ አካባቢ ከተዘጉ ፎቶ ቤቶች ከየልጆቻቸው ለምነን የሰበሰብነው፣ ጉርድ፣ ሠርግ፣ የተማሪ ምርቃት፣ የጥምቀት። ከለሩ ከ80ዎቹ ወዲህ ያለው ነው። በፕሪንተር የታተመም አለ፣ ለኤግዚቢሽን ያወጣነው፣ የፋሲል ግቢ ከእድሳቱ በፊት። አሁን የቤቱ ጠባቂ ሲነግረኝ ግን የታችኛው ካርቶን ከሐሙስ ጀምሮ ነው የራሰው፣ ዛሬ ቅዳሜ ነው፣ ከፍቼ ሳየው ነጭ ነጭ ነገር አውጥቷል።
@ልጅ አራዳ አንዱ ፎቶ ቤት ሲዘጋ የስንት ዓመት ነጋቲቭ በማዳበሪያ ተጭኖ ቆሻሻ ላይ ሲደፋ ያየ ሰው ለምን አይልም። እናቱን በወጣትነቷ አይቷት የማያውቅ ሰው ከዚህ ካርቶን ውስጥ ያገኛታል። ቻናል ባለቤቱ ሲሰለች ይዘጋል። ላይብረሪ ማንም ሳይከፍል ገብቶ ጠይቆ የሚያይበት ቦታ ነው፣ እኛ ብንበተን እንኳን የሚቀር።

ቺቺላ 07
ይቅርታ እህቴ። ሩዙን ግን አትርሺ።

ማራኪ ሰፈር
እኔ ቤት ትልቅ ፍሪዘር አለ፣ ከጠቀመ።

ጨለማ ክፍል
ይጠቅማል እንጂ! ልጄ በደንብ ስሚኝ፣ ረዘም አደርገዋለሁ።

ከሐሙስ የራሰውን ከሌላው ለዪው፣ በአንድ ሳፋ እንዳይገናኙ። ያ ነጭ ነገር ሻጋታ ነው፣ እርጥብ ነገር ላይ በ48 ሰዓት ውስጥ ይጀምራል፣ አትጥረጊው፣ ጀላቲኑ ለስልሶ ስለሚሆን ከነምስሉ ነው የምታነሺው። ማስክና ጓንት አድርጊ፣ መስኮት ክፈቺ፣ አስም ያለበት ሰው አይግባ። እሱን በላስቲክ ጠቅልለሽ ዛሬውኑ ፍሪዘር፣ በረዶ ሲሆን ሻጋታው ይቆማል፣ ለማሰብም ጊዜ ታገኛላችሁ። የመስታወት ነጋቲቭ ካለ ግን ፍሪዘር አይገባም፣ እሱ ቆሞ በአየር ይድረቅ።

ማታ የራሰው ነጋቲቭ ሳፋ ውስጥ ይቆይ፣ ውሃውን ቶሎ ቶሎ ቀይሪ፣ ከ48 ሰዓት ግን አይለፍ፣ ከለሩ ደግሞ እንደ ጥቁርና ነጩ አይታገስም፣ ቀለሙን ይለቃል፣ ከለሩን አስቀድሚ። ሲለቅ በጫፉ ብቻ ያዢ፣ ምስሉን አትንኪ፣ መጨረሻ ላይ በሃይላንድ ውሃ አለቅልቂና በሲባጎ ላይ በልብስ መቆንጠጫ አንጠልጥይው፣ ከታችም አንድ መቆንጠጫ ይንጠልጠልበት እንዳይጠቀለል። የሮቶ ውሃ ለመጀመሪያው ይሆናል፣ ለመጨረሻው ግን ደለሉ ፊልም ላይ ነጥብ ሆኖ ይቀራል። እዛ ክፍል ማንም አይጥረግ፣ አቧራ የሚያስነሳ ሁሉ ይቅር።

ፎቶዎቹንም ሳፋው ውስጥ ሲላቀቁ ፊታቸውን ወደ ላይ አድርገሽ የመስኮት የትንኝ ወንፊት ላይ ወይም ንጹህ የጥጥ ጨርቅ ላይ ደርድሪ። ጋዜጣ አይሆንም፣ ቀለሙ ይተላለፋል። ሶፍትም ፊቱ ላይ አይነካ፣ ይለጠፍና ይቀራል። ሲደርቁ ይጠቀለላሉ፣ አትደንግጪ፣ ያ በኋላ ይስተካከላል። በፕሪንተር የታተመው ግን ሳፋ ውስጥ እንዳይገባ፣ ቀለሙ ይፈሳል፣ እሱን እንዳለ ዘርግተሽ አድርቂ፣ ፋይሉ ካለ ደግሞ እንደገና ይታተማል፣ ጊዜሽን አትጨርሺበት። ከመስታወት ፍሬም ጋር የተጣበቀ ካለም ፍሬሙን አትክፈቺ፣ በመስታወቱ ላይ እንዳለ ፎቶ አንሺው።

ሁሉንም ዛሬ አትጨርሺም። ሌላ ቦታ ቅጂ የሌለውን መጀመሪያ።

የአዘዞ ልጅ
ጋሼ ይሄን ሁሉ ከየት አመጡት፣ ኧረ በሥላሴ ትምህርት ቤት ይክፈቱልን። ፍሪዘር ከጠበበ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ አሁን ፍልሰታ ነው፣ የሥጋ ቤቶች ፍሪዘር ባዶውን ነው ያለው። የማውቀው ባለ ሥጋ ቤት አለ፣ እስከ ነሐሴ 16 ፎቶ ቢያስቀምጥ ቅር አይለውም። ይሄ ቀልድ አይደለም።

ጨለማ ክፍል
ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ሁለት ላስቲክ ደርቡ። መብራት ቢጠፋ በሩን አትክፈቱ፣ ቀልጦ እንደገና በረዶ ከሆነ ይጎዳል።

መዝገብ ቤት
ሁላችሁም ስለ ውሃው አወራችሁ፣ ስለ ጀርባው ግን ማንም አላነሣም። በዚህ አገር የማኅደር ሥራ ትላንት የተጀመረ አይደለም፣ ወመዘክር፣ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍታችን ማለት ነው፣ ከ1936 ጀምሮ አለ፣ በአዋጅ 179/1991 ደግሞ ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ሆኖ ተቋቁሟል፣ ማኅደር ማለት ዝም ብሎ ክምችት አይደለም፣ ከየት መጣ፣ በማን እጅ ነበር፣ በምን ቅደም ተከተል ነበር የሚለው ካልተያዘ ፎቶው የማን እንደሆነ የማይታወቅ ፊት ብቻ ይሆናል። እኔ በሥራ ዘመኔ ስም የሌለው ፎቶ በጆንያ አይቻለሁ፣ ያሳዝናል።

ስለዚህ ልጄ፣ ማንኛውም ፎቶ ሳፋ ከመግባቱ በፊት ጀርባውን በስልክ አንሺው። የፎቶ ቤቱ ማኅተም፣ የደንበኛው ስም፣ ቀን፣ ቁጥር፣ ሁሉም እዛ ነው ያለው፣ በእስክሪብቶ የተጻፈው ውሃ ሲነካው ይጠፋል። ነጋቲቭ የተቀመጠበት ፖስታም እንደዚያው፣ ርሶ ቢበጫጨቅም አትጣዪው፣ የተጻፈበት ነው። ከየትኛው ካርቶን ከየትኛው ፖስታ እንደወጣ በእርሳስ ጽፈሽ አብሮ ይሂድ፣ እስክሪብቶ አይሆንም።

ደግሞ ቀን ስትጽፉ ዓ.ም ይሁን እ.ኤ.አ. ለይታችሁ ጻፉ። ካሜራ የሚመዘግበው በፈረንጅ ነው፣ የድሮው ፎቶ ቤት የሚጽፈው በእኛ። የ2012 ጥምቀትን ውሰጂ፣ ጥር 11 የዋለው ጃንዋሪ 20፣ 2020 ነው፣ ብዙ ሰው ግን ጥምቀት ሁልጊዜ ጃንዋሪ 19 ይመስለውና የማግስቱ ቃና ዘገሊላ ብሎ ይመዘግበዋል። ከሃምሳ ዓመት በኋላ የሚፈልግ ልጅ የሚሳሳተው እንዲህ ነው።

ልጅ አራዳ
እሺ ጀርባው ገባኝ። ግን ሌላ ጥያቄ አለኝ፣ መብቱ የማን ነው? ፎቶ አንሺው ሳይፈቅድ ላይብረሪ ማስገባት ይቻላል እንዴ? ነገ አንዱ ተነሥቶ የኔ ነው ቢል?

መዝገብ ቤት
ይሄን ጥሩ ጠየቅህ። በአዋጅ 410/1996 መሠረት የፎቶግራፍ የኢኮኖሚ መብት ፎቶው ከተነሣ ጀምሮ 25 ዓመት ነው የሚጠበቀው። የድሮው የፎቶ ቤት ነጋቲቭ አብዛኛው ይሄን አልፏል። የአሁኖቹ ፎቶ አንሺዎች ግን እያንዳንዳቸው ይፈርሙ፣ አንድ ገጽ ይበቃል፣ ላይብረሪው ያስቀምጥ፣ ያሳይ፣ ቅጂ ይስጥ ወይ አይስጥ ብለው። እዛ ላይ ያሉት ሰዎች ደግሞ አሉ፣ ሠርጋቸው ነው፣ ለቅሷቸው ነው፣ ሕጉ ቢፈቅድም ቤተሰብ ካለ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ልጅ አራዳ
እኔ ራሴ የቅዳሜ ገበያ ፎቶዎች አሉኝ፣ ቅጹ ሲዘጋጅ ንገሩኝ እፈርማለሁ። ቴሌግራም ላይ ግን አሁንም አስቀምጡ ባይ ነኝ።

ማራኪ ሰፈር
ቴሌግራም ላይ እንደ ፎቶ ከላክኸው ይጨምቀዋል፣ ካሜራው የመዘገበው ቀንም ይጠፋል። እንደ ፋይል ላክ። ለማሳየት ጥሩ ነው፣ ለማስቀመጥ ግን አይሆንም።

ቺቺላ 07
ሀርድ ዲስኩስ? ሩዝ ገባ?

ማራኪ ሰፈር
ኧረ ወንድሜ ሩዝህን ለምሳህ ቀቅለው። ሩዝ የዲስኩን ውስጥ አያደርቅም፣ ዱቄቱ ብቻ ይገባል። ሥራዬ ኮምፒውተር ጥገና ነው፣ እህቴ አደራ ዲስኩን ኮምፒውተር ላይ እንዳትሰኪው፣ ይሠራ እንደሆነ ልይ ብለሽም እንዳትሞክሪ፣ ብዙ ዲስክ የሚሞተው ውሃ ሲነካው ሳይሆን እርጥብ ሆኖ መብራት ሲያገኝ ነው። አትክፈቺው፣ ፎንም አትንፊበት። ሌላ ቅጂ ከሌለው አዲስ አበባ ዳታ የሚያወጡ ባለሙያዎች ጋ ይሂድ። ቅጂ ካለው እርሺው። ቅጂ አለው?

ሌንስ ዘጎንደር
የጥምቀቱ በሁለት ልጆች ላፕቶፕ ላይ አለ፣ የፋሲል ግቢውም ግማሹ። የቀረው እዛ ብቻ ነው፣ አልሰካውም።
ጋሼ ነጋቲቩ መልቀቅ ጀምሯል! አንድ ጥቅል ሙሉ ተላቆ ተንጠልጥሏል፣ ጃንተከል ዋርካ ሥር የቆሙ ተማሪዎች ናቸው፣ የልጆቹ የኮት ቁልፍ ሳይቀር ይታያል። ጀርባና ፖስታ የሚያነሣ አንድ ልጅ መድበናል። የሐሙሱ ካርቶን በላስቲክ ታስሯል፣ ማራኪ ይዘነው እንምጣ? ደግሞ አንድ ጥያቄ፣ ከታችኛው ካርቶን አንድ ጥቅል አቼቶ አቼቶ ይሸታል፣ ይሄ ከዝናቡ ነው?

ጨለማ ክፍል
አይደለም፣ ያ የቆየ በሽታ ነው። የፊልሙ ፕላስቲክ አሲቴት ነው፣ ሲያረጅ አሲድ ይለቃል፣ ሽታው እሱ ነው፣ ቀስ በቀስ ይጠባል፣ ይኮማተራል፣ ምስሉ ከሥሩ ይነሣል። ሙቀትና እርጥበት ያፋጥነዋል፣ አጠገቡ ያለውንም ያጠቃል። ከሌላው ለይታችሁ በካርቶን አድርጉት፣ ላስቲክ ውስጥ አታፍኑት፣ ቀዝቃዛ ቦታ ይሁን። እሱ የሚመለስ ነገር የለውም፣ ስለዚህ ስካን ሲጀመር ተራው አንደኛ ነው። ስካነር እስኪገኝ ታብሌት ላይ ነጭ ስክሪን አብሩ፣ ነጋቲቩን ከስክሪኑ ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ ማክሮ ሌንስ (በጣም ቀርቦ የሚያነሣ) ባለው ካሜራ አንሱት፣ የስክሪኑ ነጠብጣብ እንዳይታይ። ሮው ሆኖ ይነሣ፣ ካሜራው ሳይጨምቅ የሚያስቀምጠው ፋይል ማለት ነው።

መዝገብ ቤት
ሰኞን አትሰርዙ። የደረቀውንና ዝርዝሩን ይዛችሁ ሂዱ፣ የራሰው በሁለተኛ ዙር ይመጣል ብላችሁ ዝርዝሩ ላይ ጻፉ፣ ሁለት ቅጂ፣ ሁለቱም ወገን ይፈርም። መደርደሪያውንም እዩት፣ ከታች ወለል ላይ እንዳይሆን፣ ቢያንስ አንድ ስንዝር ከፍ ይበል፣ ከላይም የቧንቧ መስመር ወይም የሚያፈስ ቆርቆሮ ሥር እንዳይሆን። ካልሆነ አትቀበሉ፣ ቦታ እስኪቀየር ጠብቁ።

ማራኪ ሰፈር
ኑ በቃ፣ ከቅዳሴ መልስ 9 ሰዓት ላይ ቤት ነኝ። ፍሪዘሩን ከአሁኑ ባዶ አድርጌዋለሁ። በውስጥ መስመር ጻፊልኝ አድራሻ እሰጥሻለሁ፣ ዲስኩንም ይዛችሁ ኑ።

ቺቺላ 07
ባጃጅ አለኝ፣ ካርቶኖቹን በነፃ አደርሳለሁ። ሸራው አያፈስም።