በህንድ የግል ምህንድስና ኮሌጅ ከመመዝገብ በፊት

ጥያቄ (ከደሴ)፦ ታናሽ እህቴ ህንድ ከሚገኝ የግል ምህንድስና ኮሌጅ የመግቢያ ደብዳቤ ደርሷታል፤ ቤተሰባችን ክፍያውን ከመላኩ በፊት ምን ማጣራት ይገባናል?

መልስ (ከኮምቦልቻ)፦ ወንድሜ፣ በቅድሚያ ኮሌጁ ከህንድ የቴክኒክ ትምህርት ምክር ቤት (ኤአይሲቲኢ) ፈቃድ እንዳለው አረጋግጡ። ናክ የተባለው የህንድ የከፍተኛ ትምህርት ተቋማት መዛኝ አካል የሚመዝነው ተቋሙን በጠቅላላ ሲሆን፣ የቴክኒክ ትምህርቶች መዛኝ የሆነው ኤንቢኤ ግን እያንዳንዱን የትምህርት ዘርፍ ለይቶ ስለሚመዝን፣ ኮሌጁ ከናክ ያገኘው ከፍተኛ ደረጃ እህትህ የምትማረው ዘርፍ ጥሩ ለመሆኑ ዋስትና አይሆንም፤ በእኔ እምነት ወላጆች አጥብቀው ሊጠይቁ የሚገባው ይህንን ነው።

መልስ (ከወልዲያ)፦ ብዙ የግል ኮሌጆች የሚያስመርቁት በታቀፉበት ዩኒቨርሲቲ ስም ስለሆነ፣ የአራት ዓመቱን ዲግሪ ማን እንደሚሰጥ በጽሑፍ ጠይቁ። ስትመለስ የአቻ ግምት ስለሚያስፈልጋት፣ የአገራችንን ትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን መስፈርት ከአሁኑ ተመልከቱ።

ጠያቂው፦ እግዜር ይስጥልኝ። ስለ ዘርፉ ምዘና ዛሬውኑ ለኮሌጁ እንጽፋለን፤ ምላሹ እስኪደርሰንም ገንዘቡን አንልክም።