ረጅም ርቀት የሚበሩ አውሮፕላኖች መከራየት ያዋጣል ወይስ ያዘዙትን መጠበቅ?

የቦሌ_ልጅ
ሰላም ቤተሰብ። ቅዳሜ ቡና ላይ የተነሳ ክርክር እስካሁን አልበረደም። አጎቴ «ይሄን የሚያህል አየር መንገድ እንዴት አውሮፕላን ይከራያል? ኪራይ እኮ የፈሰሰ ውሃ ነው» ይላል። እኔ ደግሞ ያዘዙት ካልደረሰ አዲስ መስመር በምን ይከፈታል ባይ ነኝ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 ስምንት ቦይንግ 777-9 አዟል። ይሄ ሞዴል መጀመሪያ በ2020 ሥራ ይጀምራል ተብሎ ነበር፣ ከዚያ እየተገፋ እየተገፋ 2027 ደርሷል። በ2024 መጨረሻ ላይ ደግሞ የቦይንግ ሠራተኞች ከሰባት ሳምንት በላይ አድማ መቱ። እስከዚያ ድረስ ተጨማሪ መከራየት ያዋጣል? አከራዩስ ማነው፣ ውሉ ምን ይመስላል? ሥራውን የምታውቁት እስኪ አስረዱን።

ሒሳብ_ክፍል
አጎትህ ስለ ቤት ኪራይ ቢሆን እውነት አላቸው። አውሮፕላን ላይ ግን ነገሩ ይለያል። በዓለም ላይ ካሉት የመንገደኛ አውሮፕላኖች ግማሽ ያህሉ የኪራይ ናቸው። ትልቁ አከራይ ኤርካፕ ነው፣ ዋና ቢሮው ደብሊን።

ሁለት ዓይነት ኪራይ አለ። ዌት ሊዝ የሚባለው አውሮፕላኑን ከነፓይለቱ፣ ከነጥገናው፣ ከነኢንሹራንሱ ነው፤ ለጥቂት ወር ክፍተት መሸፈኛ ይሆናል እንጂ ለቋሚ መስመር ኪስ ያራቁታል። ድራይ ሊዝ ደግሞ አውሮፕላኑን ብቻ ነው፣ ፓይለቱም ሆስተሷም ቴክኒሻኑም የራስህ። የኛ አየር መንገድ የራሱ የአቪዬሽን ትምህርት ቤትና የራሱ የጥገና ማዕከል ስላለው የሚያዋጣው ሁለተኛው ነው።

አከፋፈሉ አዲስ አበባ ቤት እንደመከራየት ነው ማለት ይቻላል። መጀመሪያ የጥቂት ወር ዲፖዚት ታስይዛለህ፣ በየወሩ ኪራይ ትከፍላለህ። ከዚያ በላይ ግን ብዙ ውል ላይ በበረራ ሰዓት እየተሰላ የሚከፈል የጥገና መጠባበቂያ አለ። ሁሉም በዶላር ነው። አየር መንገዱ አብዛኛውን ገቢውን በውጭ ምንዛሪ ስለሚያገኝ ይሄ ብዙም አያስጨንቀኝም። የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው፦ አውሮፕላኑ በረረም ቆመም ኪራዩ ይቆጥራል። ኮሮና ጊዜ የኛዎቹ ወንበር እየፈቱ ጭነት ባይጭኑ ኖሮ ምን ይውጠን እንደነበር አስቡት።

ከሀንጋር
መከራየቱ አይደለም ጣጣው፣ መመለሱ ነው።

ውሉ ሲያልቅ አከራዩ የራሱን ኢንስፔክተሮች ይልካል፤ ባትሪ ይዘው ከአፍንጫ እስከ ጭራ ይፈትሹታል። አንዴ እንዲህ ባለ ርክክብ ላይ ሠርቼ አውቃለሁ። የጭነት በሩ አጠገብ የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል ስርጉድ ነበረች። መቼ እንደተመታች፣ ጥልቀቷ ስንት እንደሆነ፣ ማን አይቶ እንደፈረመባት የሚያሳየው ወረቀት እስኪገኝ ሁለት ቀን ሙሉ ፋይል ስናገላብጥ ከረምን። የሞተሩ ዲስኮች ደግሞ ባሱ፣ እያንዳንዱ ከፋብሪካ ከወጣበት ቀን ጀምሮ የት የት እንደሠራ ወረቀት ይጠየቅበታል። ወረቀቱ ከጠፋ ዕቃው ምንም ጤነኛ ቢሆን እንደሌለ ነው የሚቆጠረው።

ስለዚህ መከራየትን አልቃወምም፣ ግን ያገኙትን ሁሉ አይደለም። ድሪምላይነር (ቦይንግ 787) እንኳ በጂኢ ሞተርም በሮልስሮይስ ሞተርም ይሠራል። ካለህ የተለየ ሞተር ያለው ከመጣ ሌላ መለዋወጫ፣ ሌላ መሣሪያ፣ ሌላ ሥልጠና ይዞ ነው የሚመጣው። ርካሽ ኪራይ መስሎህ ከገባህበት በኋላ ወጪውን ስቶሩ ውስጥ ታገኘዋለህ።

የዲሲ_እህት
እኔ የሒሳቡን ነገር ለእናንተ ልተወው። ስትከራዩ ግን ከቦሌ መነሳት የሚችለውን ተከራዩ!

ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ አውሮፕላን ሙሉ ነዳጅም ሙሉ ጭነትም ይዞ መነሳት ይከብደዋል። ለዚህ ነው ከአዲስ ወደ አሜሪካ ሲኬድ መሃል ላይ ለነዳጅ የሚቆመው፣ ለዓመታት ደብሊን ላይ ነበር። ከዋሽንግተን ሲመለስ ግን ቀጥታ ይገባል። እናቴን ይዤ ስመጣ እግሯ አብጦ ጫማዋ እምቢ ብሎ በነጠላ ጫማ ነው የወረደችው። ለወጣት ምንም ላይሆን ይችላል፣ ለሰባ ዓመት ሰው ግን ለነዳጅ የሚቆምባት ያቺ አንድ ሰዓት ብዙ ናት። ቢሾፍቱ አጠገብ የታቀደው አዲሱ ኤርፖርት ከቦሌ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ስለሆነ ነገሩን ያቀለዋል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

የቦሌ_ልጅ
እህቴ፣ እናትሽን እግዜር ያቆይልሽ። የከፍታውን ነገር አላሰብኩትም ነበር። ለአጎቴ ሁሉንም አነበብኩለት፣ አሁን ደግሞ «ውሉ ስንት ዓመት ነው?» ብሎ ይዞኛል።

ሒሳብ_ክፍል
አዲስ ከሆነ 12 ዓመት የተለመደ ነው። ያገለገለ ከሆነ ያጥራል። እኛ የምንፈልገው 777-9ኙ እስኪመጣ ማቆያ ስለሆነ አጭር ውል ይሻለናል፤ ግን አጭር ውል የወር ኪራዩ ይወደዳል፣ ደግሞም አሁን ሁሉም አየር መንገድ ያዘዘው ስለዘገየበት ትልቅ አውሮፕላን ላይ ሻሞ ነው። እኔ ብሆን የማስገባው ውሉ ሲያልቅ በዚያው ዋጋ ለማራዘም መብት የሚሰጥ አንቀጽ ነው። ቦይንግ እንደገና ቢገፋውስ?