ለተራራ ሞተር ሳይክል አውቶማቲክ ፍሪሲዮን፦ የትኛው ይገዛ፣ ማንስ ይግጠመው?

በኮሎራዶ ከምትገኘው ኦሮራ ተነሥተን ቅዳሜ ቅዳሜ በሞተር ሳይክል ወደ ራምፓርት ሬንጅ ተራሮች ከምንወጣው መካከል ሦስት ሰዎች በአንድ ወር ውስጥ ያንኑ ጥያቄ ስላነሡልኝ፣ ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከመመለስ በአንድ ቦታ መጻፉን መርጫለሁ። ጥያቄው፣ ድንጋያማ ዳገት ላይ ሞተሩ የሚጠፋበትና ከሁለት ሰዓት በኋላ የግራ እጁ ጣቶች አልታዘዝ የሚሉት ሰው አውቶማቲክ ፍሪሲዮን ቢያስገጥም ይጠቅመዋል ወይ፣ የሚጠቅመው ከሆነስ የትኛውን ገዝቶ ማን ዘንድ ይውሰድ የሚል ነው። በእርግጥ ይጠቅመዋል። ሆኖም ሦስታችሁም አብዝታችሁ የጠየቃችሁት ስለ ዕቃው ዓይነት ሲሆን፣ እኔ ገንዘብ ሲባክን ያየሁት በአገጣጠሙና በማስተካከያው ላይ ነው።

አሠራሩን ማወቅ ምርጫውን ስለሚያቀለው በአጭሩ ላስረዳ። ፍሪሲዮን የሞተሩን ኃይል ከጎማው ጋር የሚያገናኘውና የሚያላቅቀው ክፍል ነው። በተለመደው ፍሪሲዮን ውስጥ ባለሸራ ዲስኮችና የብረት ዲስኮች ተፈራርቀው ይደረደራሉ፤ ሞላዎች አጥብቀው ይጫኗቸዋል፤ በግራ እጅ የሚያዘውን ሊቨር ስንስብ ጭነቱ ይነሣል። አውቶማቲኩ ሲገጠም በእነዚህ ዲስኮች መካከል ውፍረቱ የሚለዋወጥ አንድ ዲስክ ይገባል። ሞተሩ በሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይሰጠው በዝቅተኛ ዙር፣ በሚዞርበት ጊዜ ይህ ዲስክ ቀጭን ሆኖ ስለሚቆይ በዲስኮቹ መካከል ጥቂት ክፍተት ይኖራል፣ ኃይልም ወደ ካምቢዮ (ወደ ማርሽ ሳጥኑ) አይተላለፍም። ነዳጅ ሲሰጠው ግን በውስጡ ያሉት ሽብልቅ መሳይ ክብደቶች በሽክርክሪቱ ኃይል ወደ ውጭ እየተገፉ ዲስኩን ያወፍሩታል፤ ክፍተቱ ተዘግቶ ጎማው መዞር ይጀምራል። ነዳጁ ሲቀነስ ትንንሽ ሞላዎች ክብደቶቹን ወደ ቦታቸው ይመልሷቸዋል። ስለዚህ ማርሽ እንደገባ ፍሬን ይዛችሁ ብትቆሙ እንኳ ሞተሩ አይጠፋም። ሊቨሩም በቦታው ይቀራል፤ በፈለጋችሁ ጊዜ እንደ ድሮው ትስቡታላችሁ።

እዚህ አሜሪካ በብዛት የሚገኘው በአይዳሆ ግዛት በቦይሲ ከተማ የሚሠራው ሬክሉስ ነው። ልታነጻጽሯቸው የሚገቡት ሁለት ስብስቦች ራዲየስ ኤክስና ራዲየስ ሲኤክስ ናቸው። የመጀመሪያው ዲስኮቹ የሚሰኩበትን የፋብሪካውን ቤት እንዳለ ትቶ ዲስኮቹን ይለውጣል፤ ሁለተኛው የውስጡን ቋትና የዲስኮቹን መጫኛ ጭምር ጠንካራ በሆኑ ይተካል፤ የዋጋ ልዩነታቸውም በመቶዎች ዶላር ይቆጠራል። ለውድድር የሚሮጥ ወይም ያረጀ ቋቱን የግድ መለወጥ ያለበት ሰው ትልቁን ቢገዛ አልቃወምም። ቅዳሜ ቅዳሜ ለሚወጣ ሰው ግን ትንሹ ከበቂ በላይ ነው፤ እኔም ባለሁለት ምት 300 ኬቲኤም ሞተር ሳይክሌ ላይ ያለው እርሱ ነው። ያገለገለ ሞተር ሳይክል ስትገዙ በኳስ ኩሽኔታዎች የሚሠራው የቀድሞው ዚ-ስታርት ተገጥሞበት ልታገኙ ትችላላችሁ፤ በሻጩ ቃል ብቻ ዋጋ አትጨምሩለት፣ ክዳኑን አስከፍታችሁ ዲስኮቹን እዩ።

ወደ አገጣጠሙ ልመለስ። የእኔን መጀመሪያ የሰጠሁት ስሙን ለማልጠራው ጋራዥ ነበር። በአንድ ቀን ጨርሰው መለሱልኝ፤ በጋራዡ ደጃፍ ስሞክረውም እንከን አልነበረውም። በሁለተኛው ቅዳሜ ረዥሙ ዳገት ላይ ሞተሩ ይጮኻል እንጂ ጎማው አይጎትትም፤ ከዚያም እንደ ተቃጠለ ሸራ የሚከረፋ ሽታ መጣ። ክዳኑን ስከፍት የብረት ዲስኮቹ ሰማያዊ ሆነዋል፣ ዘይቱም ጠቁሯል። ለካ ክፍተቱን ፈጽሞ አልለኩትም ነበር። ክፍተቱ ሲበዛ ዲስኩ ቢወፍርም እስከ መጨረሻው አይጨብጥም፣ ስለዚህ እየተንሸራተተ ይቃጠላል፤ ሲያንስ ደግሞ በሚኒሞ እንኳ ሞተር ሳይክሉ ወደ ፊት ይሳባል፣ ወይም ይጠፋል። ጋራዡን ስጠይቅ የተሰጠኝ መልስ «አነዳድህ ነው» የሚል ነበር።

ከዚያ ወዲህ የምከተለው በአምራቹ መመሪያ ላይ ያለውን የላስቲክ ሙከራ ነው። ሞተሩን በሚገባ ካሞቃችሁ በኋላ ማርሹን ፍሪ አድርጉና አንድ የጎማ ላስቲክ በግራው የመሪ እጀታና በፍሪሲዮኑ ሊቨር ላይ አጥልቁ፤ ላስቲኩ የሊቨሩን ልቅነት ብቻ ስቦ ይቆማል። አሁን ነዳጁን በፍጥነት ስጡትና ዓይናችሁን ከሊቨሩ ጫፍ ላይ አታንሡ። ውስጥ ያለው ዲስክ ሲወፍር መጫኛውን ስለሚያነሣው ሊቨሩ ይላላል፤ ላስቲኩም ወደ እጀታው ይስበዋል። ጫፉ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ከተንቀሳቀሰ ልክ ነው። ካልተንቀሳቀሰ ክፍተቱ በዝቷል፤ ከዚያ በጣም ካለፈ አንሷል። ማስተካከያው ካቦ ባላቸው ላይ የካቦው ማጥበቂያ ሲሆን፣ በዘይት ግፊት በሚሠሩት ላይ ከስብስቡ ጋር በሚመጣው የታችኛው ሲሊንደር ላይ ያለው ብሎን ነው። ሙከራው ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ ዲስኮቹ እየሳሱ ሲሄዱ ልኩ ስለሚቀየር ሁልጊዜ ከመውጣታችሁ በፊት ልታደርጉት ይገባል። ስለዚህ ጋራዥ ስትመርጡ የምትጠይቁት ጥያቄ አንድ ነው፦ «ሲያልቅ የላስቲኩን ሙከራ እኔ ባለሁበት ታሳዩኛላችሁ?» ምን እንደሆነ መልሶ የሚጠይቃችሁን አመስግናችሁ ውጡ።

ራሳችሁ ለመግጠም ከደፈራችሁ ሥራው ከምታስቡት ይቀላል። በኬቲኤሙ ላይ ፍሪሲዮኑ በስተቀኝ ስለሆነ ሞተር ሳይክሉን በግራ ጎኑ ብታስተኙት ዘይቱን ሳትቀዱ ክዳኑን መክፈት ትችላላችሁ፤ ከዚያ በፊት ግን የቤንዚኑን መስመር ዝጉ፤ እኔ የጋራዤን ወለል በቤንዚን ካጠብኩ በኋላ ነው የተማርኩት። አዲሶቹን ባለሸራ ዲስኮች ከመግጠማችሁ በፊት ቢያንስ ለ5 ደቂቃ ዘይት ውስጥ ንከሯቸው። ዘይቱም ጃሶ ኤምኤ ወይም ኤምኤ2 የሚል የሞተር ሳይክል ዘይት ደረጃ ምልክት ያለበት ይሁን፤ ለመኪና የተሠራና ነዳጅ ይቆጥባል የተባለ ዘይት ፍሪሲዮኑን ያንሸራትተዋል።

ሚኒሞውን የሚረሳው ሰው ብዙ ነው። የራምፓርት መንገዶች ብዙዎቹ ከአዲስ አበባም ከፍ ይላሉ፤ ካርቡሬተሩ ለዴንቨር የተስተካከለ ከሆነ ላይ ስንወጣ ቅልቅሉ ቤንዚን ይበዛበታል፣ ሚኒሞውም ይወርዳል። እዚያ ከፍ አድርጋችሁት ስትመለሱ ካልቀነሳችሁት ግን ቀይ መብራት ላይ ፍሬን ካልያዛችሁ በቀር ሞተር ሳይክሉ ወደ ፊት ይሄዳል። አቶ እገሌ ከቤቱ የአትክልት አጥር ጋር የተጋጨው በዚህ ምክንያት ነው፤ ስሙን ባልጽፍም ራሱን ያውቃል።

የምታጡትንም ልንገራችሁ። ባትሪ ሲሞት ገፍቶ ማስነሣት አይቻልም፤ ሞተሩ ካልዞረ ዲስኩ ስለማይወፍር ጎማው ብቻውን ይሽከረከራል። በእግር የሚመታ ማስነሻ የሌለው ሞተር ሳይክል ያላችሁ ትንሽ የባትሪ ማስነሻ በቦርሳ ያዙ። ተዳፋት ላይ ማርሽ አስገብታችሁ ብታቆሙትም ይንከባለላል፤ የፊት ፍሬኑን የሚያስር ማሰሪያ ያስፈልጋችኋል። በቁልቁለት ሞተሩ ቢጠፋ ወይም ዙሩ በጣም ቢወርድ በድንገት በፍሪ ትወርዳላችሁ፤ ፍሬን ላይ ያለ እግር ይህን ማወቅ አለበት። ከሁሉ በላይ ደግሞ «አይጠፋምና» ብሎ በሦስተኛ ማርሽ ዳገት መጎተት ዲስኮቹን ይፈጃቸዋል። አውቶማቲክ የሚሆነው ፍሪሲዮኑ እንጂ ማርሹ አይደለም።

የእጅ ድካም ብቻ ለሆነበት ሰው መጀመሪያ የምመክረው ከዚህ የረከሰ ነገር ነው። የሚድዌስት ማውንቴን ኢንጂነሪንግ ሊቨር የመሳቢያውን ክብደት በግልጽ ያቀለዋል፤ የአውስትራሊያው ክሌክም በዘይት ግፊት ለሚሠሩት ጥሩ ነው። እጁ ደኅና ሆኖ ሞተር የሚጠፋበት ሰው ደግሞ በቮላኖው (ከሞተሩ ጋር በሚሽከረከረው ከባድ ዲስክ) ላይ የሚጨመር ክብደት፣ ለምሳሌ የስቲሊን፣ ቢያስገጥም ሞተሩ በዝግታ ሲዞር በቀላሉ አይሞትበትም። ሁለቱም ችግር ያለበት ሰው በቀጥታ ወደ አውቶማቲኩ ይሂድ። በግራ እጅ የሚያዝ የኋላ ፍሬን ለመጨመር ግን አትቸኩሉ፤ ጠመዝማዛ ላይ የቀኝ እግራችሁን መሬት ስታስነኩ ይጠቅማል፣ ነገር ግን እጃችሁ የድሮውን ልማድ እስኪረሳ ድረስ ፍሪሲዮን መስሏችሁ ፍሬን ትጨብጣላችሁ።

በመጨረሻ፣ አንደኛው ጠያቂ አገር ቤት በገጠር ለሚሠራ ወንድሙ ይህንኑ ስብስብ ሊልክለት አስቧል። ስብስቦቹ ለየሞዴሉ ተለክተው የሚሠሩና በአብዛኛው ለውድድርና ለተራራ ሞተር ሳይክሎች የታሰቡ ስለሆኑ፣ የወንድምህን ሞተር ሞዴልና የተሠራበትን ዓመት በአምራቹ ዝርዝር ውስጥ ሳታገኝ ብር እንዳታወጣ። ከዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ አዲስ ካቦ፣ የፋብሪካ ባለሸራ ዲስኮችና አንድ ጥሩ ሊቨር ብትልክለት እጁ ያርፋል።