ከአሳይታ ወደ አቤ ሐይቅ እንዴት ልሂድ?

አካባቢውን የምታውቁ እባካችሁ እርዱኝ። አሳይታ ከገባሁ ሦስት ቀኔ ነው። ከተማዋን በጣም ወድጃታለሁ። ከሰመራ በፊት የአፋር ክልል መዲና እሷ ነበረች፤ አሁን ፀጥ ብላለች። ረፋዱ ላይ ሙቀቱ ሲበረታ ሰው ሁሉ ጥላ ስር ይገባል። እኔም አፋፉ ላይ ቁጭ ብዬ ታች አዋሽን አያለሁ። ውሃው ቡናማ ነው፣ ዳሩ ለምለም፣ ከዚያ ወዲያ በረሃ።

የመጣሁት ይሄ ወንዝ የሚያልቅበትን ለማየት ነው። አዋሽ ባሕር ሳይደርስ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። ያነጋገርኩት ሹፌር ግን ላንድክሩዘሩን ሙሉ ካልተኮናተርሽ አልሄድም አለኝ። ብቻዬን አልችለውም። ቢያንስ እስከ አፋምቦ በጋራ የሚኬድበት መኪና አለ? ፈቃድና መንገድ መሪስ ከየት ልያዝ? የቀረኝ ብር ለሁለት ቀን ብቻ ነው፣ ዛሬውኑ ብትነግሩኝ።