የቤተ እስራኤል ታሪክ «በምርጫ ኮርስ ይበቃል»?

የአምቦበር ልጅ፦ ትናንት እዚህ አንዱ «በእስራኤል ዩኒቨርሲቲዎች የአይሁድ ታሪክ ለሚያጠና ሰው፣ የቤተ እስራኤል ታሪክ በምርጫ ኮርስ ይበቃል» ብሎ ጻፈ። ሌሊቱን ሙሉ ሲያንገበግበኝ አደረ። የአውሮፓው ዋና፣ የኛ የኢትዮጵያ አይሁዶች ተጨማሪ?

የታሪክ ተማሪ፦ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ አሁንም ከቃሌ ፈቀቅ አልልም። ተልሙድ፣ የረቢዎቹ የሕግ መጽሐፍ፣ አለ፤ አይሁድ ከስፔን የተባረሩበት ስደት አለ፤ ሾዋ፣ የናዚዎች ጭፍጨፋ፣ አለ። ሁሉም ግዴታ ከሆነ ማን ይመረቃል?

ራሔል፦ «ይበቃል» ለማን? የኔ ልጅ ትመርጠዋለች። አጠገቧ የተቀመጠው ልጅ ግን አይመርጠውም። ነገ አስተማሪ ሲሆን ስለኛ የሚያውቀው ወደ እስራኤል የመጣንበትን የሱዳን በረሃና አውሮፕላን ብቻ ይሆናል።

የአምቦበር ልጅ፦ ኩፋሌንና ሄኖክን እዩ። ሙሉ ሆነው የተገኙት በግዕዝ ብቻ ነው። ሙት ባሕር አጠገብ ኩምራን ዋሻ የተገኘው ቁርጥራጭ ነው። የሁለተኛውን ቤተ መቅደስ ዘመን የሚያጠና ሰው ግዕዝን እንዴት ያልፈዋል? ቄሶቻችን ደግሞ ኦሪትን ዛሬም በግዕዝ ያነባሉ።

ደብተራው፦ ቆይ ወንድሜ። ሁለቱን መጻሕፍት ቅዱስ ብላ ያቆየች ተዋሕዶም ናት። እሷን ሳትጠራ አትለፍ።

የአምቦበር ልጅ፦ ማን ካደ? ግን አሁን የተነሳው የኛ ጉዳይ ነው።

ደብተራው፦ የግዕዝ ጉዳይ ከሆነ የኔም ነው።

የታሪክ ተማሪ፦ እሺ፣ ኮርሱ ግዴታ ይሁን። የማን ታሪክ ይሰጣል? የታሪክ ተመራማሪው ስቲቨን ካፕላን ቤተ እስራኤል ራሱን ችሎ የወጣው ከ14ኛው እስከ 16ኛው መቶ ዘመን ባለው ጊዜ ነው ይላል። የእስራኤል የሴፋርዲ አይሁድ ዋና ራቢ የነበሩት ኦቫዲያ ዮሴፍ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1973 «ከጥንቱ የእስራኤል ነገዶች አንዱ፣ የዳን ነገድ ናቸው» ብለው ወሰኑ። መምህሩ የቱን ይዞ ይግባ?

የአምቦበር ልጅ፦ ሁለቱንም! ሽማግሌዎቻችን የሚሉትንም ይጨምር። የሌላው አይሁድ ታሪክስ ያለ ክርክር ነው የሚሰጠው?

ራሔል፦ በበዓላችን በስግድ ዕለት ኢየሩሳሌም፣ አርሞን ሃናጺብ የሚባለው ኮረብታ ላይ ውጡ። ቄሶቹ ባለቀለም ጃንጥላ ሥር ቆመው ያነባሉ። ስግድ እ.ኤ.አ. በ2008 በሕግ ብሔራዊ በዓል ሆኗል። የሚነበበውን የሚሰማ የአይሁድ ጥናት ተማሪ ግን ስንት ነው? ቄሶቹ እያረጁ ነው፤ ጊዜ የለንም።

የታሪክ ተማሪ፦ ሕመምሽ ይገባኛል እህቴ። እኔ አሁንም ምርጫ ይሁን ነው የምለው። ጥሩ መምህር ይመደብለት።

ራሔል፦ ተማሪ ያነሰው ኮርስ ይዘጋል። ያኔ መምህሩን የት ትመድበዋለህ?