ክርክር፦ 7ኛና 8ኛ ክፍል ላይ ታሪክና ጂኦግራፊ ይለያዩ ወይስ «ሶሻል» እንደሆነ ይቀጥል?

አወያይ፦ ሰላም ቤተሰብ። የዛሬው መነሻ ባለፈው ሳምንት ጠመኔ የወረወራት አንድ መስመር ናት፦ «7ኛና 8ኛ ላይ ታሪክና ጂኦግራፊ ይለያዩልን፤ ይህ ድብልቅ ልጆቹን ባዶ እጃቸውን እየላከልን ነው።» ጉዳዩን ለማታውቁ፦ በ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ከ5ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ሁለቱ በአንድ መጽሐፍ ነበር የሚሰጡት። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት እርከኑን 6-2-4 አድርጎ 7ኛና 8ኛን «መካከለኛ ደረጃ» ቢላቸውም ጋብቻውን አላፈረሰም። የዜግነት ትምህርት ለብቻው ነው። ደንባችን ያው ነው፤ ሐሳብ ይመታል፣ ሰው አይመታም። ጠመኔ፣ ቀጥል።

ጠመኔ፦ እኔ 9ኛ ክፍል ታሪክ ነው የማስተምረው። በየመስከረሙ አዲስ ልጆች ሲመጡልኝ ሰሌዳው ላይ ሦስት ስም እጽፋለሁ፤ ምኒልክ፣ ቴዎድሮስ፣ ዮሐንስ። «በዘመን ቅደም ተከተል አስቀምጡልኝ» እላቸዋለሁ። ከግማሽ በላዩ ይስታል። ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ከ1860 እስከ 1863 መንገሣቸውን የሚያውቅ ልጅ ካገኘሁ ለመምህራን ክበብ ወሬ ይሆነኛል። ዘመነ መሳፍንት ከቴዎድሮስ በፊት ነው በኋላ ሲባሉ በእጅ ብልጫ ሊወስኑ ይሞክራሉ!

ጥፋቱ የልጆቹ አይደለም። መጽሐፉን ግለጡት። ስለ መሬት አቀማመጥ ይጀምራል፣ ወደ ሰው ዘር አመጣጥ ይዘላል፣ አየር ንብረት ጋ ደርሶ ይመለሳል፣ አክሱምን ይነካል፣ ሕዝብ ቁጥር ላይ ያርፋል። ልጁ ዘመንን እንደ መሰላል ሳይሆን እንደ ቆሎ ነው የሚይዘው፤ የተዘገነለትን ያህል።

የሊና እናት፦ መምህር፣ መለየቱ መጥፎ ባልሆነ። የኔ ቅሬታ ግን ሌላ ነው። ልጄ 8ኛ ክፍል ናት። ባለፈው ፈተና «የራስ ዳሽን ከፍታ ስንት ነው?» ተብላ 4,533 ሜትር ብላ ጻፈች፤ ከስልክ አይታ ነው ያጠናችው። ኤክስ። መልሱ 4,620 ነው ተባለ። እኛም በልጅነታችን 4,620 ብለን ነው የሸመደድነው፤ ኋላ ግን ልኬቱ ተሻሽሏል። ደብተሯን ይዤ ብሄድ መምህሩ «እኔ የያዝኩት ኖት የሚለው እንደዚያ ነው» አለኝ። አንድ ማርክ ነው፣ አልከራከርም ብዬ ተመለስኩ። ልጅቷ ግን ከዚያ ወዲህ ጂኦግራፊ ስትል ፊቷ ይጠቁራል። ቢለዩትስ ያ ኖት ይለወጣል?

ደወል፦ 31 ዓመት ያስተማርኩ፣ አሁን ርዕሰ መምህር ሆኜ ጡረታ የምጠብቅ ሰው ነኝ። 6-2-4 አዲስ ሲባል ስሰማ ሳቄ ይመጣል፤ በደርግ ጊዜም እኮ 6-2-4 ነበር። ልብስ ሣጥን ውስጥ ቆይቶ ፋሽን ሆኖ እንደሚወጣው ነው።

ወደ ጉዳዩ ስመለስ፤ ይለያዩ ብሎ መናገር ቀላል ነው። እኔ ትምህርት ቤት ለ7ኛና ለ8ኛ ሶሻል የሚያስተምሩ ሁለት መምህራን አሉ። ሁለቱም በጂኦግራፊ የተመረቁ ናቸው። ነገ ይለያይ ብትሉኝ ታሪኩን ለማን ልስጥ? ክፍለ ጊዜ ያልሞላለት መምህር ይፈለግና ይለጠፍበታል፤ የስፖርት መምህሩም ቢሆን። አይቼዋለሁ።

ቆላ ወይና ደጋ፦ ጋሼ ደወል የተናገሩላቸው ዓይነት መምህር እኔ ነኝ። ጂኦግራፊ ነው ያጠናሁት፣ 7ኛ ክፍል ሶሻል አስተምራለሁ። እንግዲህ ስሜን ስለማታውቁት እውነቱን ልናገር፤ የታሪክ ምዕራፎቹን እሮጥባቸዋለሁ። ስለ አየር ንብረት ሲሆን ሁለት ሳምንት እቆያለሁ። ልጆቹን ወደ ውጭ አውጥቼ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያለውን ኮረብታ አሳያቸዋለሁ፣ «እናታችሁ ገብስ ከየት ታስመጣለች? ማሽላስ?» እላለሁ። ከ1,500 ሜትር በታች ቆላ፣ እስከ 2,300 ወይና ደጋ፣ ከዚያ በላይ ደጋ የሚለውን ሳልነግራቸው ራሳቸው ሊደርሱበት ትንሽ ይቀራቸዋል። ዛጉዌ ላይ ስደርስ ግን «አንብቡና ጥያቄዎቹን ሥሩ» ነው። ስለማላውቀው ብቻ አይደለም። አንድ ልጅ ተነሥቶ «አባቴ ግን እንደዚህ አይደለም አለኝ» ቢለኝ ምን እመልሳለሁ? ስብሰባ መጠራት አልፈልግም።

ጠመኔ፦ እግዜር ይስጥህ፣ ወንድሜ፤ ይህን ነው ስል የነበረው። እንግዲያማ ተዋሐደ የሚባለው ነገር የለም። ያለው ጂኦግራፊ ነው፣ ታሪኩ የተዘለለ።

ቆላ ወይና ደጋ፦ ቀስ በል እንጂ። አንድ ጊዜ ደግሞ በደንብ ሠርቼዋለሁ፤ እሱንም ስማ። አድዋን ያስተማርኩት በካርታ ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.። የጣልያኑ ጄኔራል የባራቲየሪ ጦር በሌሊት በሦስት ረድፍ ተጓዘ። ጣልያኖቹ የያዙት ንድፍ ካርታ ላይ «እንዳ ኪዳነ ምሕረት» የተባለው ኮረብታና የአገሬው ሰው በዚያ ስም የሚጠራው ኮረብታ አንድ አልነበሩም። ከሦስቱ ረድፎች አንዱ፣ የአልቤርቶኔ ጦር፣ መንገድ መሪዎቹ ወደነገሩት ኮረብታ ሄዶ ከሌሎቹ ርቆ ብቻውን ቀረ፤ ሲነጋም መጀመሪያ የተመታው እሱ ነው። ሰሌዳው ላይ ሁለቱን ኮረብታዎች ሥዬ ክፍተቱን በጠመኔ ሳሰምርበት ክፍሉ ጸጥ አለ። ከኋላ ወንበር የማይጠፋው አንዱ ረባሽ «ስለዚህ ካርታ ስለሳቱ ነው የተሸነፉት?» አለ። «ብቻውን አይደለም» አልኩና ስለ ሠራዊቱ ብዛት፣ ስለ ስንቁ፣ ስለ ጣይቱና መቀሌ ላይ ስለተያዘው ውኃ ተነሣን። ከዚያ ወደኋላ ተመልሰን ውጫሌ፤ አንቀጽ 17 በአማርኛው «ይቻላቸዋል» ሲል ጣልያንኛው ግዴታ ማድረጉ። እሱ ደግሞ ዜግነት ነው፤ ውል ምንድን ነው፣ ሁለት ቋንቋ ሲለያይ የማን ይጸናል። በአንድ ሳምንት ሦስቱም ትምህርት። አንተ ለብቻህ ብታስተምረው ኮረብታው ቀርቶብህ ነበር።

ጠመኔ፦ አይካድም፣ ግሩም ነው፤ ኮረብታዋን እሰርቅሃለሁ። ግን እኮ አድዋ ነው! አድዋን የማያውቅ ማን አለ? እስኪ በዚሁ መንገድ ዘመነ መሳፍንትን አስተምርልኝ። ራስህ ዛጉዌን እዘለዋለሁ ብለሃል።

የቦንጋ ልጅ፦ እኔ ደግሞ ስለ መሰላሉ ልጠይቅ። አክሱም፣ ዛጉዌ፣ ጎንደር፣ ቴዎድሮስ፣ ዮሐንስ፣ ምኒልክ። መሰላሉ ጥሩ ነው፤ የቆመው ግን የት ነው? እኔ ያደግሁት ቦንጋ ነው። የከፋው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1897 መማረካቸውን የሰማሁት ከአያቴ ነው። በተማርኩበት መጽሐፍ ከፋ ብቅ ያለችው በቡና በኩል ብቻ ነበር። የጅማው አባ ጅፋር፣ የወላይታው ካዎ ጦና፣ የገዳ ሥርዓት የትኛው እርከን ላይ ነው የሚቀመጡት? ጠመኔ፣ ልጆቹን የምትፈትንባቸው ሦስት ስሞች ራሳቸው አንድ መልስ ይዘው የመጡ ናቸው።

ጠመኔ፦ ልክ ነህ፤ ቅር አላለኝም። ለብቻው ይሁን የምለውም ለዚሁ ነው፤ ቦታ ይሰፋል። አሁን ባለው ግማሽ መጽሐፍ ውስጥ ከፋን ለማስገባት ጎንደርን ማስወጣት ሊያስፈልግ ነው፣ ከዚያ ጸቡ ይመጣል።

የቦንጋ ልጅ፦ ቦታ ሲሰፋ ጸቡም ይሰፋል። በ2012 ለዩኒቨርሲቲ ጀማሪዎች የተዘጋጀው የታሪክ ሞጁል ምን ያህል እንዳወዛገበ አስታውሱ። ያ ለ18 ዓመት ወጣት ነው፤ ይህ ለ13 ዓመት ልጅ። በዚያ ላይ የ7ኛና የ8ኛ መጽሐፍ የሚዘጋጀው በየክልሉ ነው። ብቻውን የቆመ «ታሪክ» የሚባል መጽሐፍ በ12 ክልልና በሁለት ከተማ አስተዳደር ሲጻፍ አስቡት። መቃወሜ አይደለም፤ ዓይናችንን ገልጠን እንግባበት ነው የምለው።

የልደታ ልጅ፦ ከርዕስ ልወጣ ነው፣ አወያይ ይቅርታ። እኔ አዲስ አበባ በተማርኩበት ጊዜ ከ7ኛ ጀምሮ በእንግሊዝኛ ነበር፤ ኦሮሚያና ትግራይ እስከ 8ኛ በራሳቸው ቋንቋ ሲማሩ። «ሪፍት ቫሊ»ን ከነፍቺው እንደ ዳዊት ደግሜያለሁ። ከዓመታት በኋላ ወደ ሐዋሳ በአውቶቡስ ስንወርድ ዝዋይ አካባቢ አንድ ሽማግሌ «ይኸው ስምጥ ሸለቆ» አሉ። ግራ ቀኙን አየሁ፤ ሐይቁ፣ ግራሩ፣ ከሩቅ የግድግዳው ጠርዝ። ያ ስደግመው የኖርኩት ነገር ይሄ ነው እንዴ! ለይቶ ማስተማር፣ አዋሕዶ ማስተማር ከምትሉት በፊት ልጁ የሚያውቀው ስም ይኑረው።

ባለታክሲው ከቨርጂኒያ፦ ከዚህ ማዶ ሆኜ ስለ ዜግነቱ አንዲት ነገር። እኔ የአሜሪካ ዜግነት ስወስድ የሲቪክስ ጥያቄዎቹ 100 ነበሩ፤ ያኔ ከነሱ 10 ይጠየቅ ነበር፣ 6 የመለሰ ያልፍ ነበር። መቶውን በስልኬ ቀድቼ ተሳፋሪ ስጠብቅ እየሰማሁ ሸመደድኩ፤ 6 ጠይቀውኝ ስድስቱንም መለስኩ፣ «በቃህ» አለችኝ። ሴናተሮች 100 መሆናቸውን እስከ ዛሬ ከእንቅልፌ ብትቀሰቅሱኝ እነግራችኋለሁ። የሰፈሬ የትምህርት ቦርድ በምን እንደሚመረጥ ያወቅሁት ግን ልጄ የምትሄድበት መንገድ ላይ የእግረኛ መብራት ይተከል ብለን ፊርማ ስናሰባስብ ነው። የኛ አገሩ ሥነ ዜጋም እንደዚያ ነበር፤ ከ5ኛ እስከ 12ኛ እነዚያው 11 ምዕራፎች። ፍትሕ፣ እኩልነት፣ ቁጠባ... «ቁጠባ» ላይ ስምንት ዓመት ተፈትኜ አንድም ብር አልቆጠብኩም።

የልደታ ልጅ፦ ሃሃ፣ «ቁጠባ» 9ኛው ምዕራፍ ነበር። ዓመቱ አልቆ ስለማንደርስበት ነው ያልቆጠብከው።

ደወል፦ ሳቁ ይብቃና ሥራ ላይ የሚውል ነገር ላቅርብ። አዋጅ ሳንጠብቅ ትምህርት ቤት ውስጥ ማድረግ የሚቻል ነው። መጽሐፉ አንድ ይሁን፣ መምህሩ ሁለት። የታሪክ ምሩቅ ያለው ትምህርት ቤት የታሪክ ምዕራፎቹን ለሱ ይስጥ፤ ጂኦግራፊውን ለሌላው። ካርዱ ላይ አንድ ውጤት። ድሮ በአንድ ትምህርት ቤት ሁለት ዓመት ሞክረነዋል። ችግሩ ምን ነበር መሰላችሁ? መምህራኑ ተስማሙ፣ ልጆቹ ወደዱት፣ የክፍለ ጊዜ ሰሌዳ የሚያወጣው ሰው ነው ያኮረፈው።

ጠመኔ፦ ጋሼ፣ ፈተናውስ? ሚኒስትሪ እኮ ምርጫ ነው። ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ። «የአልቤርቶኔ ጦር ለምን ብቻውን ቀረ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። «የአድዋ ጦርነት የተካሄደው መቼ ነው?» ነው። ወላጅም፣ ወረዳም የሚቆጥሩት ያለፈውን ልጅ ነው። ፈተናው ካልተነካ ቢለያይም ቢዋሐድም ያው ቆሎ ነው።

ቆላ ወይና ደጋ፦ አሁን አንተ ራስህ ወደኔ መጣህ እኮ።

ጠመኔ፦ አልመጣሁም! ይለያዩ ብዬ ነው የምጸናው። ከፈተናው በፊት ይሁን በኋላ ነው ያልወሰንኩት። አንተ ግን ዛጉዌን አትዝለል። ላሊበላን በድንጋዩ ግባበት፤ ለምን እዚያ ቦታ፣ ምን ዓይነት ዓለት ቢሆን ነው ከላይ ወደ ታች ተፈልፍሎ ቤተ ክርስቲያን የወጣው። እሱ ያንተ ሙያ ነው። «አባቴ እንደዚህ አይደለም አለኝ» ለሚል ልጅ ደግሞ «አባትህ ከየት ሰሙት? ጠይቀህ ነገ ንገረን» በለው። እኔ እንደዚያ ነው የማደርገው፤ እስካሁን ስብሰባ የጠራኝ የለም። አንድ ጊዜ ብቻ አንድ አባት መጡ፤ የመጡት ደግሞ ሊጨምሩልኝ ነው፤ ሁለት ክፍለ ጊዜ ሙሉ አወሩ።

የቦንጋ ልጅ፦ ይህን ወድጄዋለሁ። አያቴ በሕይወት ቢኖሩ እልክልህ ነበር።

አወያይ፦ ድምፅ እንስጥ ወይስ ሳምንት እንቀጥል? እስካሁን የቆጠርኩት ለመለየት ሁለት፣ ላለመለየት ሁለት፣ «ቅድሚያ ሌላው ይስተካከል» አራት ነው። ይህ ደግሞ ድምፅ አይባልም።

የሊና እናት፦ ዘግይቼ ተመለስኩ፣ ይቅርታ። ሊና አጠገቤ ተቀምጣ ስታነባችሁ ነበር፤ የኮረብታውን ነገር ሁለት ጊዜ አነበበችው። አንድ ጥያቄ አላት። «ክፍላችን ግድግዳ ላይ ያለው ካርታ ክልሎቹን 9 ነው የሚያሳየው፣ ቆጥሬያቸዋለሁ። መምህራችን 12 ናቸው አሉ። ሚኒስትሪ ላይ ቢመጣ የቱን ላጥቁር?» ትላለች።

ቆላ ወይና ደጋ፦ 12 አጥቁሪ፣ ሊናዬ። የኛም ክፍል ያው ካርታ ነው ያለው። «ደቡብ» የሚለውን እኔና ልጆቹ በቀይ እስክሪብቶ አራት ቦታ ልንከፍለው ጀምረን ነበር፤ ሲዳማን ከልለን ጨረስን፣ ለቀሩት ሦስቱ ድንበሩ በየት በኩል እንደሚያልፍ ስንከራከር ተደወለ።